18 ኪሎሜትር ወረቀት በአንዲት መስኮት፦ በእጅ የሚጎተተው ካርታ ታሪክ

አንድ ወረቀት አስቡ። አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎኑ ብቻ ወደ 18 ኪሎሜትር ይጠጋል። ላዩ ላይ መላው ዓለም ተስሏል፤ አውራ ጎዳናው፣ ቅያሱ፣ የቤቱ ጥግ ሳይቀር። እናንተ ግን ወረቀቱን በሙሉ ማየት አትችሉም። የምታዩት ከአንድ ክንድ በማትሰፋ መስኮት ነው። በዚያች መስኮት ያን ሁሉ ወረቀት እንዴት ትዞሩታላችሁ? እንዴትስ ሳትጠፉ ትመለሳላችሁ?

ወረቀቱ የሌለ ነገር አይደለም። ዛሬ በኢንተርኔት የምናያቸው ካርታዎች በ18ኛው የዙም (የማጉያ) ደረጃ ላይ ወርዳቸው 67,108,864 ፒክስል፣ ማለትም የስክሪን ነጥብ፣ ነው። በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ብለን ብንዘረጋው ከ17 ኪሎሜትር ተኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ስክሪን ስፋቱ 1,024 ፒክስል ነበር። ከካርታው ዳር እስከ ዳር ለመድረስ ያንን ስክሪን 65,536 ጊዜ ጎን ለጎን መደርደር ያስፈልጋል። ቁመቱም ያው ነው።

እዚህ የማወራው ይህን ችግር በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ስላቀለለው ሥራ ነው፤ በ2005 ስለወጣው ጎግል ማፕስ። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስላለ ተራ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን በስክሪን ላይ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ እጅግ ብልህ ከሆኑት አንዱ ነው። ሰው ለምን እንደሚጠፋና ለምን እንደማይጠፋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌም አላውቅም። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከዚያ በፊት የነበረውን እንይ። ካርታ በድረ ገጽ ላይ አዲስ ነገር አልነበረም። ማፕኩዌስት ከ1996 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ ለዘመኑም ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መሃል ላይ አንድ የካርታ ሥዕል አለ። በዙሪያው ቀስቶች አሉ። ወደ ምሥራቅ መሄድ ከፈለጋችሁ የምሥራቁን ቀስት ክሊክ ታደርጋላችሁ። ጥያቄው ካርታውን እስከያዘው የሩቅ ኮምፒውተር፣ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ይሄዳል፣ እዚያ አዲስ ሥዕል ይሠራል፣ ገጹ በሙሉ ጠፍቶ እንደገና ይመጣል። በስልክ መስመር ኮኔክሽን ጊዜ ይህ ቀላል ጥበቃ አልነበረም።

ትልቁ ችግር ግን ጥበቃው አይደለም። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ባዶነት ነው። ገጹ ነጭ ሲሆን ዓይን የያዘውን ይለቃል። አዲሱ ሥዕል ሲመጣ ቅድም ስታዩት የነበረው መንገድ የቱ ጋ እንደሄደ ከዜሮ ትፈልጋላችሁ። አንድን ሰው ዓይኑን ሸፍናችሁ፣ ሁለት ሰፈር አሻግራችሁ፣ ጨርቁን አንስታችሁ «አሁን የት ነህ?» እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ ይችለዋል። አሥር ጊዜ ከደጋገማችሁበት ግን አቅጣጫው ሁሉ ይጠፋበታል።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ላርስ እና የንስ ራስሙሰን የዴንማርክ ተወላጅ ወንድማማቾች ናቸው። ከአውስትራሊያውያኑ ኖኤል ጎርደን እና ስቲቨን ማ ጋር ሲድኒ ውስጥ ዌር ቱ ቴክኖሎጂስ የተባለች ትንሽ ድርጅት መሠረቱ። የሠሩት ካርታ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነበር። በ2004 ጎግል ድርጅቷን ገዛ። ፍላጎቱ ግን የሚጫን ፕሮግራም ሳይሆን በብራውዘር የሚሠራ ካርታ ነበር።

በጊዜው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ብራውዘር የተሠራው ጽሑፍ ለማንበብና ሊንክ ለመጫን ነው። ገጽ ይመጣል፣ ይነበባል፣ ሌላ ገጽ ይመጣል። አንድን ሥዕል በማውስ ይዞ መጎተትና ሥዕሉ እጅን እንዲከተል ማድረግ የፕሮግራም ሥራ እንጂ የድረ ገጽ ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። ሰዎቹ ግን አደረጉት። የካቲት 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2005፣ ካርታው ለሕዝብ ወጣ። በመጀመሪያ ሽፋኑ በዋናነት ሰሜን አሜሪካ ነበር፤ የእኛ አገር መንገድ አልነበረበትም።

እንዴት ሠሩት? ነገሩ የሚያርፈው ቀላል በሆነ አንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ካርታውን ቆራርጦ አስቀድሞ ማዘጋጀት። የሳሎን ወለል ላይ እንደሚነጠፍ ሴራሚክ ካርታው እኩል በሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። በሙያው ታይል ይባላሉ። ዛሬ የተለመደው መጠን 256 በ256 ፒክስል ነው። በዜሮ ደረጃ መላው ዓለም በአንድ ታይል ውስጥ ይገባል። አንድ ደረጃ ስታጎሉ ያ ታይል ለአራት ይከፈላል። ቀጥሎ 16 ይሆናል፣ ቀጥሎ 64። በ18ኛው ደረጃ ላይ 68,719,476,736 ታይል ይኖራል። ከ68 ቢሊዮን በላይ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ማን ይፈልገዋል? ማንም መፈለግ የለበትም፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ብዙ ካርታዎች በሚጠቀሙበት አቆጣጠር እያንዳንዱ ታይል አድራሻው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦ የዙም ደረጃው፣ ከግራ ስንተኛ እንደሆነና ከላይ ስንተኛ እንደሆነ። መስቀል አደባባይን እንውሰድ። በ1ኛው ደረጃ ከአራቱ ታይሎች በላይኛው ቀኝ ላይ ይወድቃል፤ ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን፣ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ ናትና። በ10ኛው ደረጃ አድራሻው 10፣ 622፣ 486 ነው። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ያ አንድ ታይል ብቻ ወደ 39 ኪሎሜትር የሚጠጋ ስፋት ይሸፍናል፤ የአዲስ አበባ መሃል ውስጡ አለ። ብራውዘሩ ቦታውን ካወቀ በትንሽ ስሌት ሦስቱን ቁጥሮች ያገኛል። ሰርቨሩም አይስልም፣ አያሰላም። ከመደርደሪያው አንስቶ ይሰጣል፣ በቃ።

አሁን ወደ ጉተታው ቀረብ ብለን እንይ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስኮት በታይሎች ተሞልቷል። በጠርዙ ዙሪያም የማይታዩ ትርፍ ታይሎች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በማውስ ይዛችሁ ወደ ግራ ስትጎትቱ ታይሎቹ ሁሉ በአንድነት አብረዋችሁ ይንሸራተታሉ። የማይታዩት ከቀኝ በኩል ይገባሉ። በግራ በኩል ከመስኮቱ የወጡት ግን አይጣሉም። ይነሱና ወደ ቀኙ ጠርዝ ይዛወራሉ፤ አዲስ ሥዕል ይጫንባቸዋል። ከኋላው ያለውን ምንጣፍ እያነሳ ከፊቱ እያነጠፈ እንደሚሄድ ሰው ነው። ምንጣፉ ጥቂት ሜትር ነው፣ መንገዱ ግን ማለቂያ የለውም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ገጹ አይጠፋም። አንዱ ታይል ቢዘገይ እንኳ የዘገየበት ቦታ ብቻ ለአፍታ ግራጫ ይሆናል፤ የቀረው ካርታ ባለበት አለ። ዓይን የያዘውን አይለቅም። እጅ ሁለት ጣት ያህል ሲሄድ ካርታውም ሁለት ጣት ያህል ይሄዳል። ሰው የሚጠፋው ቦታው ስለሰፋ አይደለም፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዴት እንደመጣ ሳያይ ሲቀር ነው። ጉተታው የሰጠን ያንን ማየት ነው።

ካርታው በወጣ በአሥረኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2005፣ ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለው ዲዛይነር ገጽን ሳያጠፉ ከበስተጀርባ ዳታ የማምጣትን ስልት «ኤጃክስ» ብሎ ሰየመው። ከምሳሌዎቹ አንዱ ይኸው ካርታ ነበር። ስሙ ዛሬም የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ የሆነውን ጃቫ ስክሪፕት የሚጽፉ ሰዎች አፍ ላይ አለ።

መጎተት ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። በ18ኛው ደረጃ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት እያያችሁ ነው እንበል። አሁን ጎንደር ያለ ቤት ማየት ፈለጋችሁ። በቀጥታ መስመር ከ400 ኪሎሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዚህ ደረጃ አንድ ፒክስል ወደ 60 ሳንቲሜትር ስለሚሸፍን ቀላል ስሌት ነው፤ በዚያ በ1,024 ፒክስል ስክሪን ወደ 700 ስክሪን መጎተት ይጠብቃችኋል። ማንም አያደርገውም።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ስምንት ደረጃ ስታሳንሱ ያ 700 ስክሪን ወደ ሦስት ስክሪን ይወርዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ትጎትታላችሁ፣ ጎንደር ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ስምንት ደረጃ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። በጠቅላላው ሃያ እንኳ የማይሞላ እንቅስቃሴ ነው። መጎተት አንድ በአንድ ይደምራል፤ ዙም በእጥፍ ያባዛል። ከመላው ዓለም እስከ አንድ ቅያስ 18 ደረጃ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። በትልቅ ቦታ ላይ አቋራጩ መንገድ ሁልጊዜ በላይ በኩል ነው። አሞራ ያውቀዋል።

ያርከ ቫን ዋይክ እና ዊም ኑይ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2003 ይህንኑ መንገድ በሒሳብ አስልተውት ነበር። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለዓይን ሳይከብድ ለመሄድ ምን ያህል መውጣት፣ መቼ መሄድ፣ መቼ መውረድ እንደሚሻል የሚሰጥ ቀመር አወጡ። ዛሬ አንዳንድ ካርታ ላይ የከተማ ስም ስትጽፉ ስክሪኑ ከፍ ብሎ፣ በርሮ፣ ዝቅ ብሎ የሚያርፈው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ለማማር የተጨመረ እንዳይመስላችሁ። በረራው ራሱ መረጃ ነው፤ በስንት ተራራ ላይ እንዳለፋችሁና ወደ የት እንደዞራችሁ ይነግራችኋል። የጎግል ካርታ ገና ሲጀምር ዙሙ በዝላይ ነበር፤ አንዱ ደረጃ ጠፍቶ ሌላው ይተካል። በጉተታ ያስቀሩትን ባዶነት በዙም በኩል ትንሽ ትተውት ነበር ማለት ነው። በኋላ ዙሙም እየለሰለሰ መጣ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ወደ ታች ወርዳችሁ አንድ ሰፈር ውስጥ ስትሆኑ ከከተማው የቱ ጋ እንዳላችሁ በምን ታውቃላችሁ? የድሮው መልስ ጥግ ላይ ትንሽ ካርታ ማስቀመጥ ነው። አጠቃላዩን ያሳያል፣ እናንተ ያላችሁበት በትንሽ ሳጥን ይከበባል። ደስ የሚል መልስ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የግድ ነው ብዬ አምን ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ2002 የወጣ ጥናት ነው። ካስፐር ሆርንቤክ፣ ቤንጃሚን ቤደርሰን እና ካትሪን ፕሌሳን 32 ሰዎችን በሁለት ካርታ ፈተኑ። አንዱ የዋሽንግተን ግዛት ነው፣ ሌላው የሞንታና። አንዳንዴ ትንሿ የጥግ ካርታ አለች፣ አንዳንዴ የለችም። ከሰዎቹ 80 በመቶው የጥግ ካርታዋ ያለችበትን መረጡ፤ ያለሁበትን እንዳውቅ ትረዳኛለች አሉ። ፍጥነታቸው ሲለካ ግን በአንደኛው ካርታ ላይ ያለ እሷ ይፈጥኑ ነበር። በዚያው ካርታ ላይ ያዩትን ቦታ በማስታወስም ያለ እሷ ይሻሉ ነበር።

ለምን? ተመራማሪዎቹ የገመቱት ምክንያት ልቤን ነክቶታል። ያ ካርታ በደረጃ በደረጃ የተደራጀ ነበር። ከሩቅ ስታዩት ትልልቁን ስም ያሳያል፤ ስትቀርቡ አነስ ያለውን፣ ይበልጥ ስትቀርቡ ዝርዝሩን። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ምልክት ስላለው ካርታው ራሱ ያሉበትን ይናገራል። የጥግ ካርታዋ ደግሞ ዓይንንና እጅን ከዋናው ሥራ ታወጣለች። ወደ እሷ ሄዶ መመለስ ጊዜ ይፈጃል። ሰው የወደደውና ሰው የተጠቀመበት አንድ አለመሆኑን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያሳየ ነገር ብዙ አላየሁም። ጎግል ማፕስም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለች የጥግ ካርታ ነበረችው፤ ቆይታ ቀረች። በምትኩ የየደረጃው ስም አመራረጥ እየተራቀቀ ሄደ። ዛሬ ስታሳንሱ የከተማው ስም ብቻ ይቀራል፣ ስታጎሉ ሰፈሩ ይመጣል፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ ፋርማሲውና ካፌው።

የተከፈለ ዋጋም አለ። ክብ ምድር አራት ማዕዘን ታይል ላይ ስትዘረጋ አንድ ነገር መጣመሙ አይቀርም። የተመረጠው የመርካተር አሣሣል ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ አንግል አያጣምምም። መስቀለኛ መንገድ የትም ቦታ መስቀለኛ ሆኖ ይታያል፣ ሰሜንም ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጋ ግን ስፋቱን ያጋንናል። ግሪንላንድ አፍሪካን የሚያክል ይመስላል፤ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ያህል ትበልጠዋለች። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቻችን የአህጉራቸውን መጠን የሚማሩት በእነዚህ ስክሪኖች ነው። በ2018 ጎግል በኮምፒውተር ላይ በጣም ሲያሳንሱት ምድርን ሉል አድርጎ ማሳየት ሲጀምር ከልቤ ደስ ብሎኛል።

የወረዱ ታይሎችም ቆይተው ተለወጡ። በ2010 መጨረሻ ላይ የአንድሮይዱ ካርታ ከተዘጋጀ ሥዕል ይልቅ የመስመሮቹን ዳታ አውርዶ ስልኩ ራሱ እንዲስል አደረገ። ስለዚህ ካርታውን ስታዞሩት ጽሑፉ አብሮ አይዘቀዘቅም፣ ዙሙም በደረጃ ሳይሆን እንደ ጣታችሁ ነው። ሴራሚኩ ተለወጠ እንጂ አነጣጠፉ ያው ነው።

ይህ ሁሉ በደንብ ተሠርቶም ሰው ይጠፋል። ባለፈው ክረምት ለልቅሶ በከተማዋ ምሥራቅ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም እየሄድኩ ነበር። መሽቷል፣ ዝናብ ነው። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ስልካቸው ላይ ካርታ ከፍተዋል። አንድ ቦታ ላይ መኪናውን ዳር አስያዙና ስልኩን አፍጥጠው ማየት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?» አልኩ።

«ምን ይላል ትላለህ ልጄ፣ ጠፋ እኮ! ምንም የለም።»

አጎንብሼ አየሁት። እውነትም ምንም የለም። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። አንድ ስም የለም፣ አንድ መስመር የለም፣ ሰማያዊዋ ነጥብም ከስክሪኑ ወጥታለች። ስሙን ለማንበብ ብለው በጣታቸው አጎሉት፣ እጃቸው ሲያንሸራትተው ባዶ ሜዳ ላይ ጣላቸው። ወደ ግራ ጎተቱት፣ ግራጫ። ወደ ቀኝ፣ ግራጫ።

ሱዛን ጁል እና ጆርጅ ፈርናስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ «የበረሃ ጉም» ብለውታል። ዙም በሚደረግ ትልቅ ቦታ ላይ የምታዩት ክፍል ወዴት ልሂድ የሚለውን የሚመልስ አንዳች ምልክት ሲያጣ ማለት ነው። ቅርብ ያለ ነገር አለ፣ ነገር ግን ከዚያ ደረጃ አይታይም። በየአቅጣጫው መጎተት ዕድልን መሞከር ብቻ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ሁለት ጣትዎን ያሳርፉና ሰብሰብ ያድርጉት» አልኳቸው።

ሰበሰቡት። ግራጫው ጠበበ። አንድ ቀጭን መንገድ ከጥግ ገባ። እንደገና ሰበሰቡት፤ ወፍራም መንገድ መጣ፣ ነጥቧም ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰበስቡት ስሞቹ ብቅ ብቅ አሉ።

«አሃ! ጎሮ!» አሉ ጋሼ። «ቅድም ጎሮን አልፈህ ነው ብትለኝ ኖሮ እኮ!»

ስልኩን ገልብጠው ዳሽቦርዱ ላይ አኖሩትና ማርሽ አስገቡ።